ሂዩበርት ሃምፍሪ፦ የሽንት ፊኛ ካንሰርን በአደባባይ የታገሉት ፖለቲከኛ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 1968 የዩናይትድ ስቴትስ ምክትል ፕሬዝዳንት ሂዩበርት ሃምፍሪ፣ ዘጠኝ የአፍሪካ አገራትን ባካተተው ጉዟቸው አዲስ አበባ ገብተው ከቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተወያይተው ነበር። አብረዋቸው ከተጓዙት መካከል ጥቂት ወራት ቀደም ብለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል ይገኙበታል። ጎረቤት ካርቱም በጉዞው መርሐ ግብር አልተካተተችም፤ ሱዳን በጁን 1967ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ሰበብ ከዋሽንግተን ጋር የነበራትን ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አቋርጣ ነበር።

ሃምፍሪ ያኔ የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ፈጣን ተናጋሪ፣ ሳቂታ፣ ከሰው ጋር መጨባበጥ የማይሰለቻቸውና ከረዳቶቻቸው ሁሉ በኋላ የሚተኙ ፖለቲከኛ መሆናቸው ይነገርላቸዋል። ያያቸው ሁሉ ጤነኛ ብሎ ይመሰክርላቸው ነበር። ይሁንና ከዚህ ጉዞ በፊት በነበረው ዓመት በሽንታቸው ውስጥ ደም ታይቷል። ሐኪሞች መርምረዋቸው በአንድ ሐሳብ መስማማት አልቻሉም ነበር።

ያ ምልክት ከታየበት ጊዜ አንሥቶ የሽንት ፊኛቸው በቀዶ ሕክምና እስከ ወጣበት ዕለት ድረስ ዘጠኝ ዓመታት አለፉ። በእነዚህ ዓመታት ሃምፍሪ ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድረዋል፤ ተሸንፈዋል፤ ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመልሰዋል። በመጨረሻም ብዙዎች አፋቸውን ሞልተው ሊጠሩት የማይደፍሩትን በሽታ ለሕዝብ ገልጠው፣ በአደባባይ ታግለውት፣ በ66 ዓመታቸው አርፈዋል።

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ

ሂዩበርት ሆራሽዮ ሃምፍሪ የተወለዱት ሜይ 27 ቀን 1911 በደቡብ ዳኮታ ግዛት ዋላስ በተባለች ትንሽ መንደር፣ ከአባታቸው መድኃኒት ቤት በላይ በነበረው ፎቅ ላይ ነው። እናታቸው ከኖርዌይ የመጡ ስደተኛ ነበሩ። አባትየው መድኃኒት ቀማሚ ከመሆናቸው ባሻገር ፖለቲካ ወዳድ ነበሩና ልጃቸው ከመድኃኒት መደርደሪያው ሥር ቆሞ የአገርን ጉዳይ ሲሟገቱ እየሰማ አደገ።

ኑሮው ምቹ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ የገበሬው ገቢ ሲያሽቆለቁል መድኃኒት ቤቱም አብሮ ተንገዳገደ፤ ቤተሰቡ መኖሪያ ቤቱን ለመሸጥ ተገደደ። የኢኮኖሚው ቀውስ ሲበረታ ወጣቱ ሃምፍሪ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቋርጠው አባታቸውን ለመርዳት ተመለሱ። በዴንቨር ከተማ አጭር የመድኃኒት ቅመማ ሥልጠና ወስደውም ለጥቂት ዓመታት በዚያ ሙያ አገለገሉ። በ1936 ሚዩሪየል በክን አገቡ። ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ በመጣው ሁሉ፣ በድሉም በሕመሙም፣ ከጎናቸው ሳይለዩ ዘልቀዋል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሱት ዘግይተው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1939 ካገኙ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሉዊዚያና አቀኑ። በዚያ ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው ሲኖሩ በዓይናቸው አዩ። ከሰሜን ለመጣው ወጣት ይህ ትዕይንት ከመጽሐፍ ያልተማረው ትምህርት ሆነለት፤ የፖለቲካ ሕይወቱንም አቅጣጫ አስያዘለት።

በምክር ቤት የተገኘ ድል

ሃምፍሪ በ1945 የሚኒያፖሊስ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ በፊላደልፊያ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ ቆመው ፓርቲው የጥቁሮችን መብት በግልጽ እንዲደግፍ ጠየቁ። ንግግሩ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አልዘለለም። የውሳኔ ሐሳቡ ሲጸድቅ ከደቡብ ግዛቶች የመጡ በርካታ ተወካዮች አዳራሹን ረግጠው ወጡ። በዚያው ዓመት ሃምፍሪ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

በዚያ ምክር ቤት ካከናወኗቸው ተግባራት መካከል ሁለቱ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ የሚታወቁ ናቸው። አንደኛው ትርፍ የአሜሪካ እህል ለተራቡ አገራት የሚቀርብበትን መርሐ ግብር በጽናት መደገፋቸው ነው። ሁለተኛው ወጣት አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በሌሎች አገራት እንዲያገለግሉ የሚል ረቂቅ ከጆን ኤፍ ኬኔዲ አስቀድመው ለምክር ቤቱ ማቅረባቸው ነው። ኬኔዲ ሐሳቡን ወስደው በ1961 የሰላም ጓድን አቋቋሙ። በቀጣዩ ዓመት ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የእንግሊዝኛና የሒሳብ መምህሮቻቸውን እስከ ዛሬ በስም ያስታውሳሉ።

ትልቁ ሥራቸው ግን የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነበር። የደቡብ ግዛት አባላት ድምፅ እንዳይሰጥ ለሳምንታት ሳያቋርጡ በመናገር ሕጉን ለማክሸፍ ሲሞክሩ፣ የደጋፊዎችን ወገን አስተባብረው የመሩት ሃምፍሪ ናቸው። ጁን 10 ቀን 1964 ክርክሩ እንዲዘጋ 71 ለ29 በሆነ ድምፅ ተወሰነ። በእነዚያው ቀናት ከልጆቻቸው አንዱ በአንገቱ ላይ የካንሰር ዕጢ ተገኝቶበት በሚኔሶታ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሆነ። አባት ዋሽንግተንን ለቀው መሄድ አልቻሉም። ልጁ ዳነ፤ ሕጉም ጸደቀ። ካንሰር በሃምፍሪ ቤት ደጃፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመው ያኔ ነው።

የ1967ቱ ምልክት

በጃንዋሪ 1965 ሃምፍሪ የሊንደን ጆንሰን ምክትል ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የቬትናም ጦርነት ግን ሹመቱን መራራ አደረገባቸው። በውስጥ የነበራቸውን ጥርጣሬ ይዘው በአደባባይ የፕሬዝዳንቱን ፖሊሲ መከላከል ግድ ሆነባቸው፤ የቀድሞ ወዳጆቻቸውም ፊታቸውን አዞሩባቸው።

ደሙ የታየው በዚህ መሐል ነው። በሽንት ውስጥ የሚታይ ደም ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ሰው ኩላሊቴን ብርድ መታኝ፣ ጉዞ አደከመኝ ወይም የበላሁት ነው እያለ ያልፈዋል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክት ግን ይኸው ነው።

የሃምፍሪ ሐኪሞች ነገሩን በዝምታ አላለፉትም። በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ፣ ጫፉ ብርሃን ባለው ቀጭን መሣሪያ ፊኛው ከውስጥ ታየ፤ ከግድግዳውም ናሙና ተወሰደ። ናሙናው ለረጅም ጊዜ የቆየ ብግነት እንጂ ካንሰር አላሳየም። ከሽንታቸው የተገኙት ሕዋሳት ደግሞ በአጉሊ መነጽር ተመረመሩ። በጆንስ ሆፕኪንስ የሚሠሩ አንድ ባለሙያ የሕዋሳቱ መልክ ካንሰር መሆኑን ይናገራል ሲሉ ደመደሙ። ሌሎች ባለሙያዎች አልተቀበሏቸውም።

የሐኪሞቹ አለመስማማት ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ሕዋስን በዓይን አይቶ ፍርድ መስጠት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የተቆጣ ሕዋስና ወደ ካንሰር የተለወጠ ሕዋስ በመልክ ሊቀራረቡ ይችላሉ። በአንድ ወገን የቀረበው አማራጭ ፊኛን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ መጣል ነበር፤ ይህም የሰውን ዕለታዊ ኑሮ ለዘለቄታው የሚለውጥ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው። ማረጋገጫ በሌለበት እንዲህ ያለ እርምጃ መውሰድ ለማንም ሐኪም ይከብዳል። ስለዚህ በየጊዜው እያዩ መጠበቅ ተመረጠ።

በ1968 ጆንሰን ዳግም እንደማይወዳደሩ ሲያስታውቁ ሃምፍሪ የፓርቲያቸው ዕጩ ሆኑ። ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በጥይት የተገደሉበት፣ በቺካጎ ጎዳናዎች ፖሊስና ሰልፈኛ የተጋጨበት ዓመት ነበር። በኖቬምበር ሪቻርድ ኒክሰን ከአንድ በመቶ ባነሰ የድምፅ ልዩነት አሸነፏቸው። ሕዝቡ ለፕሬዝዳንትነት የሚመርጠው ሰው በዚያ ወቅት ፊኛው በሐኪሞች ክትትል ሥር መሆኑን አያውቅም ነበር።

ጨረርና መድኃኒት

ሃምፍሪ በ1971 ሚኔሶታን ወክለው ወደ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመለሱ። በ1972 እንደገና የፕሬዝዳንትነት ዕጩ ለመሆን ሞክረው አልተሳካላቸውም። በ1973 የፊኛ ምርመራቸው የሚያጠራጥር መሆኑ ቀርቶ ካንሰር ስለ መሆኑ ስምምነት ላይ ተደረሰ። በሽታው በፊኛው የውስጥ ገበር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተንሰራፋ፣ ገና ወደ ጡንቻው ያልገባ ዓይነት ነበር።

እንዲህ ያለው ካንሰር አታላይ ነው። እንደ ዕጢ ጎልቶ ስለማይወጣ በመሣሪያ ሲታይ ከተራ ቅላት ጋር ይመሳሰላል። ካልታከመ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ጥልቁ የመዝለቅ ጠባይ አለው። ለሃምፍሪ በመጀመሪያ የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። ጨረሩ ፊኛን ያቃጥላል፤ ሕመምተኛው ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣበታል፤ ሲሸናም እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ ሌሊቱን እየተነሣ ያነጋዋል። ሃምፍሪ ይህን ሕክምና በሕይወታቸው ካሳለፏቸው ከባድ ጊዜያት ቆጥረውታል። ቆይቶም ካንሰር ገዳይ መድኃኒት በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ፊኛቸው ይገባላቸው ጀመር።

ለተወሰነ ጊዜ ነገሩ የተገታ መሰለ። በ1976 በተደረገ ምርመራ ግን ካንሰሩ ወደ ፊኛው ግድግዳ ሰርጎ መግባቱ ተረጋገጠ። ከዚህ በኋላ በጨረርም ሆነ በሚንጠባጠብ መድኃኒት መጠበቅ የሚቻልበት መንገድ አልቀረም።

ፊኛን ማስወገድ

ቀዶ ሕክምናው በኦክቶበር 1976 በኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ተከናወነ። ቀዶ ሐኪሙ በዘመኑ በሽንት አካላት ካንሰር ሕክምና አንቱ የተባሉት ዊሌት ዊትሞር ነበሩ። ምርጫ ሊካሄድ ሳምንታት ብቻ ቀርተው ነበር፤ ሃምፍሪም የምክር ቤት መቀመጫቸውን ለማስጠበቅ ይወዳደሩ ነበር።

ፊኛ የማስወገድ ውሳኔ የሚቀርብለት ሰው የሚጋፈጠው ጥያቄ ብዙ ነው። ፊኛው ከወጣ ሽንት የት ይሄዳል? በዚያ ዘመን የተለመደው መልስ ከትንሹ አንጀት አንድ ቁራጭ ቆርጦ ከኩላሊት የሚወርዱትን ሁለት ቱቦዎች በእሱ ላይ መስፋት፣ ሌላኛውን ጫፉንም በሆድ ቆዳ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ማውጣት ነበር። ሽንት ያለማቋረጥ በዚያ በኩል እየወጣ ቆዳው ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። ከረጢቱ በቀን ብዙ ጊዜ ይደፋል፤ በየጥቂት ቀኑም ይለወጣል። አሠራሩ በአሜሪካዊው ሐኪም ዩጂን ብሪከር በ1950 ከተገለጸ ወዲህ በዓለም የተስፋፋ ሲሆን ዛሬም በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሐኪሞች ከአንጀት አዲስ ፊኛ ሰፍተው በቀድሞው ቦታ መትከልን ተለማምደዋል።

ለወንድ ሕመምተኛ ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ከፊኛው ጋር ፕሮስቴት አብሮ ስለሚወጣ የወንድነት አቅም ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ባሎች ይህን ለሚስቶቻቸው እንኳ ማንሣት ያፍራሉ። አንዳንዱ ከረጢት ታጥቆ ሰው መሐል መግባቱን፣ መስገዱን፣ መቆረቡን፣ ከልጆቹ ጋር ማዕድ መቅረቡን ሲያስብ ሞትን የሚመርጥ ይመስለዋል። ቀዶ ሕክምናውን አልፈው ለዓመታት የኖሩ ሰዎች በተቃራኒው አሠራሩን ከተለማመዱ በኋላ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ቢሯቸውና ወደ ቤተ እምነታቸው ተመልሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚከብዱት ከረጢቱን መያዝ የሚያስተምር ነርስና የሚያዋይ ሰው በሌለበት ነው።

ሃምፍሪ ከአልጋቸው እንደተነሡ በሆስፒታሉ ኮሪደር መመላለስ ጀመሩ። ከክፍል ክፍል እየገቡ ሌሎች የካንሰር ሕመምተኞችን ማነጋገር፣ ማጫወትና ማበርታት ልማዳቸው ሆነ። በኖቬምበሩ ምርጫም የሚኔሶታ ሕዝብ በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ መልሶ መረጣቸው።

ያልተደበቀ ሕመም

በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካም ቢሆን ካንሰር በሹክሹክታ የሚነገር በሽታ ነበር። ሐኪም ለሕመምተኛው ሳይሆን ለቤተሰቡ ብቻ የሚነግርበት ጊዜ ሩቅ አልነበረም። የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያዎችም ብዙውን ጊዜ ከረጅም ሕመም በኋላ በሚል ሐረግ ይሸፍኑት ነበር። በ1974 የፕሬዝዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናቸውን ለሕዝብ ሲገልጹ በርካታ ሴቶች ለምርመራ ተሰልፈዋል። ሃምፍሪ ያንኑ መንገድ ተከተሉ፤ ልዩነቱ የእሳቸው በሽታ ሰው ስሙን ለመጥራት በሚያፍረው የሰውነት ክፍል ላይ መሆኑ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ኬሞቴራፒ ተሰጣቸው። ሕክምናው አቅማቸውን አሟጠጠው፤ ፀጉራቸው ሳሳ፤ ክብደታቸው ቀነሰ። ቀድሞ ክብ የነበረው ፊታቸው አጥንቱ እየታየ ሄደ። ከካሜራ አልሸሹም። በጃንዋሪ 1977 የምክር ቤቱን የብዙኃን መሪነት ሥልጣን ለመያዝ ተነሥተው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለሮበርት በርድ ለቀቁ። ባልደረቦቻቸውም ለእሳቸው ሲሉ አዲስ የክብር ሹመት ፈጠሩላቸው።

በኦገስት 1977 አንጀታቸው ታግዶ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሆዳቸው ተከፈተ። ሐኪሞች ያገኙት በዳሌ ውስጥ ተሰራጭቶ ሊወጣ የማይችል ካንሰር ነበር። ይህም ለሕዝብ ተነገረ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ወራት

በኦክቶበር 1977 ፕሬዝዳንት ጂሚ ካርተር በራሳቸው አውሮፕላን ሃምፍሪን ከሚኔሶታ ወደ ዋሽንግተን አመጧቸው። ወደ ምክር ቤቱ ሲገቡ ለሠላሳ ዓመታት ሲከራከሯቸው የኖሩት ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏቸው። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ። በምረቃው ላይ ያስተላለፉት መልእክት የአንድ መንግሥት ሞራል የሚለካው በሕይወት መባቻ ላይ ያሉትን ሕፃናት፣ በማምሻው ላይ ያሉትን አረጋውያን፣ እንዲሁም በጥላው ውስጥ ያሉትን ሕመምተኞችና ችግረኞች በሚይዝበት መንገድ ነው የሚል ነበር።

የቀራቸውን ጊዜ የተጠቀሙበት በስልክ ነበር። ከአልጋቸው ሆነው ወዳጅም ተቃዋሚም ሳይለዩ ይደውሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ጥሪዎች የስንብት ነበሩ። ከተደወለላቸው አንዱ በ1968 ያሸነፏቸው፣ በ1974 በዋተርጌት ቅሌት ከሥልጣን ወርደው በካሊፎርኒያ ተገልለው የሚኖሩት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። ሃምፍሪ በቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ላይ እንዲገኙ ጠየቋቸው። ኒክሰን ሥልጣን ከለቀቁ ወዲህ ዋሽንግተንን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ለዚያ ለቅሶ ነው።

ሃምፍሪ ጃንዋሪ 13 ቀን 1978 በሚኔሶታ ዌቨርሊ፣ ሐይቅ ዳር ባለው ቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መሐል አረፉ። አስከሬናቸው በዋሽንግተን የምክር ቤቱ ሕንፃ አዳራሽ ለሕዝብ ስንብት ከቀረበ በኋላ በሚኒያፖሊስ ተቀበረ። ባለቤታቸው ሚዩሪየል ለጊዜው በምክር ቤቱ ወንበራቸውን ተክተው አገለገሉ። በዚያው ዓመት በስማቸው የተቋቋመው የሃምፍሪ የትምህርት መርሐ ግብር ከኢትዮጵያና ከሱዳን ጭምር የሄዱ ባለሙያዎችን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አስተምሯል።

ከ27 ዓመት በኋላ የመጣ መልስ

በ1967 የተወሰደው የሽንት ናሙና በመስታወት ላይ ተቀብቶ ተቀምጦ ነበር። በ1980ዎቹ ሳይንቲስቶች ጥቂት የዘረመል ቅንጣትን ደጋግሞ የሚያባዛ ዘዴ ካገኙ በኋላ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያንን አሮጌ መስታወት ከመደርደሪያ አወረዱ። የፈለጉት ፒ53 የተባለውን፣ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይባዙ የሚቆጣጠረውን ዘረመል ነው። በ1976 ከወጣው የሃምፍሪ ዕጢ ውስጥ ይህ ዘረመል በአንድ ቦታ ላይ ተበላሽቶ ተገኘ። በ1967ቱ ሽንት ውስጥ የነበሩት ሕዋሳትም በዚያው ቦታ ያንኑ ብልሽት ይዘው ተገኙ።

ግኝቱ በ1994 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከሌሎች ተለይተው ካንሰር ነው ያሉት ባለሙያ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ሃምፍሪ በ1968 ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ በሽታው ቀድሞውኑ ሥር ሰዶ ነበር። በዚያ ጊዜ እርግጡ ቢታወቅ ይወዳደሩ ነበር ወይ የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው። ፊኛቸው ያኔ ቢወጣ ስንት ዓመት ይኖሩ ነበር የሚለውንም በእርግጠኝነት መናገር የሚቻል አይደለም። የታወቀው ነገር ካንሰሩ ወደ ጡንቻ ሳይገባ የተወሰደ እርምጃ ከገባ በኋላ ከሚወሰደው እጅግ የተሻለ የመዳን ዕድል እንደሚሰጥ ነው።

የጊዜው አጋጣሚ ደግሞ ያሳዝናል። ሃምፍሪ ፊኛቸው በወጣበት በ1976 የካናዳው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስና ባልደረቦቻቸው ቢሲጂ የተባለውን ክትባት ወደ ፊኛ በማስገባት ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። ለአራስ ሕፃናት ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሚሰጠው ያው ክትባት ነው። ፊኛ ውስጥ ሲገባ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ቀስቅሶ ገበሩ ላይ የተንሰራፋውን ካንሰር ያጠቃል። ዛሬ ሃምፍሪን ለያዘው ዓይነት በሽታ በመጀመሪያ የሚመረጠው ሕክምና ይህ ሲሆን ብዙ ሰዎችን ፊኛቸውን ከማጣት አድኗል። ለእሳቸው ግን አልደረሰም።

ከጌዚራ እስከ አዋሽ

የሽንት ፊኛ ካንሰር በወንዶች ላይ ከሴቶች በብዙ እጥፍ ይከሰታል። ቀዳሚው መንስኤ ትንባሆ ማጨስ ነው፤ የጭሱ መርዝ በደም ተጉዞ በኩላሊት ይጣራና ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። በቀለም፣ በጎማና በቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙ አንዳንድ ኬሚካሎችም ያስከትሉታል።

በዓባይ ተፋሰስ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘውና በስሙ ቢልሃርዚያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታ ነው። የትሉ እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባን ሰው ቆዳ ይበሳል። ከዓይነቶቹ አንዱ እንቁላሉን በፊኛ ግድግዳ ውስጥ ይጥላል። ለዓመታት የሚቆየው ቁስለት ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ትል በካንሰር አምጪነት መዝግቦታል። የሴናር ግድብ በ1925 ተጠናቆ የጌዚራ የጥጥ እርሻ በመስኖ ሲስፋፋ በሽታው ከቦዮቹ ጋር አብሮ ተስፋፋ። ኢትዮጵያ ውስጥም በመካከለኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቤ ሸበሌና በሱዳን ድንበር በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች ልጆች ደም መሽናታቸው እንደ ተራ ነገር ይታያል። ፕራዚኳንቴል የተባለው ርካሽ መድኃኒት ትሉን ይገድላል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዳስተዋሉት ደግሞ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣዎቹን ይገድላል።

ሃምፍሪ የአገራቸው የላቀ ሕክምና በደጃቸው እያለ ዘጠኝ ዓመት ዘግይተዋል። በካርቱሟ አርካዊት የሚኖር የቀን ሠራተኛ ወይም ከአፋር ተነሥቶ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርስ አርብቶ አደር የሚዘገየው በሌላ ምክንያት ነው። የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። በሱዳን በካርቱምና በዋድ መዳኒ ይሰጥ የነበረውን የካንሰር ሕክምና ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የቀጠለው ጦርነት ክፉኛ ጎድቶታል። ከቦታው ርቀትና ከገንዘቡ ማነስ ሌላ እፍረት አለ፤ ሰው ደም መሽናቱን ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ሳይናገር ወራት ያልፋሉ።

ሐኪሞች ደጋግመው የሚሰጡት ምክር አጭር ነው። በሽንት ውስጥ ደም አንድ ጊዜም ቢታይ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ቢጠፋም መታየት አለበት። የመጀመሪያው ምርመራ መልስ ካልሰጠና ደሙ ከተመለሰ ደግሞ መመርመር ይገባል። ሐኪሞች ካልተስማሙም ሕመምተኛው ሌላ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ መብቱ ነው።

ሂዩበርት ሃምፍሪ በአገራቸው ታሪክ በዋናነት የሚታወሱት ለሲቪል መብቶች ሕግ ባደረጉት ተጋድሎ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሠሩት ሥራ በሕግ መጽሐፍ አልተጻፈም። በስሎን ኬተሪንግ ኮሪደር ላይ በየክፍሉ የጎበኟቸው ሕመምተኞች ግን ፊኛው የወጣለት ሰው ቆሞ ሲሄድ፣ ሲስቅና ለምርጫ ሲወዳደር በዓይናቸው አይተዋል።